«ግጥሙስ የት አለ?» ለሚሉን

ባለፈው ክረምት ከአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት በኋላ ስድስት ያህል ሆነን ቡና ልንጠጣ ጎራ ባልንበት ቤት ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ዘፈን ላይ አረፈ። ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ስለነበረ ጊዜ ማሳለፊያ አስፈለገና «እያንዳንዱ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ የማይሰለቹትን አምስት ዘፈኖች ይጥራ» ተባለ። ጥላሁን ተጠራ፤ ብዙነሽ ተጠራች፤ ሙሉቀን፣ መሐሙድ፣ አስቴር እየተጠሩ ጠረጴዛውን ሞሉት። ማን ይከራከራል? እኔም አልከራከርም። ተራዬ ሲደርስ ግን እውነቱን መናገር አማረኝና «ብሉ መንደይ» አልኩ። ቀጥዬም «ሎውድድ»፣ «ፉልስ ጎልድ»፣ «ኦል ማይ ፍሬንድስ» አልኩ። አምስተኛውን ሳልጠራ ከመካከላችን በዕድሜም በሥራም አንጋፋ የሆኑት ሃያሲ ስኒያቸውን አስቀመጡና፣

«ልጄ፣ ዘፈን ጥሪ ብንልሽ የፋብሪካ ጩኸት ትጠሪልናለሽ? ለመሆኑ ግጥሙስ የት አለ?» አሉኝ።

ተሳቀ። እኔም ከሰዉ ጋር ሳቅሁ። ንዴቱ የመጣብኝ ማታ ታክሲ ውስጥ ነው። መቼም መልስ የሚመጣው ሰው ከተለያየ በኋላ ነውና ያን ዕለት ያልመለስኩትን ዛሬ በጽሑፍ እመልሳለሁ። ለእርሳቸው ያለኝ አክብሮት እንዳለ ነው። አማርኛ ግጥም ማንበብ ያስተማሩኝ የእርሳቸው መጣጥፎች ናቸው። ይሁንና በዚያች አንዲት ጥያቄ ውስጥ በአገራችን የሙዚቃ ሂስ ላይ ለረጅም ዘመን የተጫነ ስሕተት አለ። ስሕተቱም ሰው ይጎዳል። የማውቀውን፣ የቀበርኩትን ሰው ጎድቷል።

አስቀድሞ ስለ ፋብሪካው። ሃያሲው ሳያውቁት እውነት ተናግረዋል። «ብሉ መንደይ»ን ያሳተመው የእንግሊዝ ማንችስተር ከተማ ድርጅት ስሙ «ፋክተሪ» ነበር፤ ፋብሪካ ማለት ነው። (እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ላስታውስ፦ ስለ ውጭ አገርና ስለ ታወቁ ሸክላዎች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የራሴን ቤት ጉዳይ ስናገር በእኛው ነው፤ ዓ.ም. ብዬ እለየዋለሁ።)

ማንችስተር የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። በ1970ዎቹ መጨረሻ ፋብሪካዎቹ ተዘግተው፣ ጡብ ግድግዳቸው ጥላሸት እንደ ለበሰ፣ ወጣቱ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር። ከነዚህ ወጣቶች አራቱ ጆይ ዲቪዥን የተባለ ባንድ አቋቋሙ። ዘፋኛቸውና ግጥም ጸሐፊያቸው ኢያን ከርቲስ ነበር። ይህ ልጅ ሃያሲው የሚፈልጉትን ዓይነት ግጥም የሚጽፍ፣ መጽሐፍ ወዳድ፣ የሚጥል በሽታ የነበረበት ሰው ነው። በግንቦት 1980 ለመጀመሪያ የአሜሪካ ጉዟቸው ሊነሡ አንድ ቀን ሲቀራቸው በ23 ዓመቱ ራሱን አጠፋ።

እንግዲህ አስቡት። የባንዱ ግጥም ጸሐፊ ሞቷል። ግጥሙም አብሮት ተቀብሯል። የቀሩት ሦስቱ ስማቸውን ኒው ኦርደር ብለው ለወጡ፤ ጊሊያን ጊልበርት የምትባል ወጣት ተጨመረችላቸው። ከመካከላቸው ዘፋኝ ነኝ የሚል አልነበረም። ጊታር ተጫዋቹ በርናርድ ሰምነር ተገፍቶ ወደ ማይክራፎኑ ቀረበ። ድምፁ ቀጭን ነው፤ አንዳንዴ ይስታል። ሐዘናቸውን በቃል መናገር ያልሆነላቸው እነዚህ ሰዎች በማርች 1983 ሰባት ደቂቃ ተኩል የሚዘልቅ የጭፈራ ዘፈን አወጡ፤ ብሉ መንደይ። የሚጀምረው በድራም ማሽን ምት ነው። ሰው የሚመስል ድምፅ እስኪሰማ ሁለት ደቂቃ ያስጠብቃል። ሲመጣም ምን ተሰማህ ብሎ የሚጠይቅ፣ መልሱን ግን የማይጠብቅ ዓይነት ቀዝቃዛ ድምፅ ነው።

ይህን ዘፈን ያለ ስሜት የተሠራ የሚል ሰው ለቅሶ ቤት ሄዶ አያውቅም ማለት ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራው ደረቷን የምትደቃው ሴት አይደለችም። ጥግ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ ድንኳኑን የሚያየው ወንድም ነው የሚያስፈራው። ብሉ መንደይ የዚያ ወንድም ዘፈን ነው።

የአሠራሩም ታሪክ ደስ ይለኛል። ኮምፒዩተር እንደ ዛሬው በየቤቱ ባልነበረበት ጊዜ ጊልበርት ማሽኑ የሚጫወተውን ዜማ ኖታ በኖታ እየቆጠረች በተቀጣጠለ ረጅም ወረቀት ላይ ጻፈችው፤ የሹራብ ንድፍ ይመስል ነበር ስትል ተናግራለች። ስትጽፍም አንዲት ኖታ ዘለለች። በዚህ የተነሣ ዜማው ከምቱ ጋር ጥቂት ተንሸዋሮ ይሄዳል። አላረሙትም። ዘፈኑን ዛሬም በጆሮ ማዳመጫ ጠጋ ብሎ ለሰማው የዚያች ወጣት ስሕተት እዚያው አለ። «የማሽን ጩኸት» የተባለው ነገር ልብ ሲባል የሰው እጅ ይገኝበታል። ደግሞም በእንግሊዝ አገር በባለ 12 ኢንች ሸክላ ከተሸጡት ሁሉ የዚህን ያህል የተሸጠ የለም።

ድርጅቱ ግን አልከበረም። ፋክተሪ ከባንዶቹ ጋር የጠበቃ ውል አልነበረውም፤ ሥራው የሙዚቀኞቹ ንብረት ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1982 ሐሲየንዳ የሚባል ትልቅ የጭፈራ ቤት ከፈቱ፤ ገንዘቡ ከድርጅቱና ከኒው ኦርደር ኪስ ወጣ። ቤቱ ለዓመታት ገንዘብ በላ። በ1992 ፋክተሪ ከሠረ፤ ሐሲየንዳም በ1997 ተዘጋ። «ኢንዲ» የሚባለው ቃል ትርጉሙ ይኸው ነው። ቃሉ «ነጻ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተቆርጦ የቀረ ነው። ዛሬ የጊታር ዓይነት ስም ቢመስልም መነሻው የንግድ ነው፤ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ውጭ ሸክላ ማሳተምና ማከፋፈል ማለት ነበር።

እኛስ ነጻ አሳታሚ አልነበረንምን? ነበረን እንጂ! በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 ዐምሃ እሸቴ የሚባል የሸክላ ሱቅ የነበረው ወጣት ይህን ሕግ ተላልፎ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። ዛሬ ዓለም «ወርቃማው ዘመን» እያለ የሚያወድሰን ከእነዚያ ሸክላዎች የተነሣ ነው። ሃያሲዎቻችን ስለ ዘፋኞቹ በተናገሩ ቁጥር ዐምሃን ለመጥቀስ የሚወስድባቸው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ባሱን ማን ተጫወተ? ቅንብሩ የማን ነው? ይህንማ መጠየቅ የተለመደ አይደለም። ምክንያቱም «ዘፈን ማለት ግጥም ነው» ካልን ዘፈኑ የሁለት ሰዎች ብቻ ይሆናል፤ የጸሐፊውና የዘፋኙ። የተቀረው አጃቢ ነው። ቃሉን እዩት፤ አጃቢ! የጌታ ፈረስ ይዞ ከኋላ የሚሮጥ ሰው ስም ነው።

አሁን ወደ ቤቴ ልግባ።

አጎቴ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ዛሬ «ኪቦርድ» የሚባለውን ሰው ሁሉ ኦርጋን በሚልበት ጊዜ ማለቴ ነው። በ1978 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ በአንድ ሆቴል ሲቀጠር ሆቴሉ ባንድ ነበረው፤ ትራምፔት፣ ሳክስፎን፣ ጊታር፣ ባስ፣ ድራም። በሁለተኛው ዓመት ባለቤቱ ሒሳቡን ሠራ። ሰዓት እላፊ አለ፤ ገበያ የለም፤ ስድስት ደመወዝ ደግሞ ብዙ ነው። ኦርጋኑ ድራምም አለው፣ ባስም አለው፣ የትራምፔት የሚመስል ድምፅም ያወጣል። አምስቱ ተሰናበቱና አጎቴ ብቻውን ቀረ።

ይህን የማነሣው የ«ግጥሙስ የት አለ» መንታ ወንድም የሆነ ሌላ አባባል ስላለ ነው፤ «ኦርጋን ሙዚቃችንን ገደለ» የሚለው። ይህን ያላነበበ፣ በሬዲዮ ያልሰማ የለም። እውነትነት የለውም አልልም። ሳክስፎን ነፊዎች ሥራ አጥተዋል፤ የታወቀ ትራምፔት ተጫዋች ጥበቃ ሆኖ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያ ዘመን ከወጡ ካሴቶች ብዙዎቹ ተመሳሳይ፣ የተቻኮሉ፣ ጆሮ የሚሰለቻቸው ናቸው። ግን ገዳዩ ማን ነው? አጎቴ ይህ ክስ ሲነሣ አይቆጣም ነበር። «አምስት ሰው አባረርክ ይሉኛል፤ እኔ ማኅተም አለኝ እንዴ?» ይል ነበር። ማኅተሙ የነበረው ባለሆቴሉ ጋ ነው። ሰዓት እላፊውን ያወጀው ኦርጋን አይደለም።

የኦርጋኑን ነገር ጠጋ ብሎ ላየው ደግሞ ክሱ የባሰ ያሳፍራል። ያ መሣሪያ ከፋብሪካው ሲመጣ የተሞላለት ምት ሁሉ የውጭ ነው፤ ማርች፣ ቦሳኖቫ፣ ዲስኮ፣ ሮክ፣ ዋልዝ። ችክችካ የሚል ቁልፍ የለውም። ጉራጌኛ የሚል ቁልፍ የለውም። አጎቴ የዋልዙን ቁልፍ ተጭኖ ፍጥነቱን ከፍ ያደርገውና፣ በግራ እጁ ባሱን በሦስቱ መካከል እያስገባ ያነክሰዋል። ያን ጊዜ የቪየና ዳንስ የነበረው ወሎ ይገባል። ይህን ማንም አላስተማረውም። ቀኝ እጁ ደግሞ በዚያው ቅጽበት የክራርን መደርደር፣ የማሲንቆን መንሸራተት ይፈልጋል። አንድ ቁልፍ ተሰብሮበት ስለነበረ ባቲ ሲጫወት ጣቱ በዚያች ቦታ ትዘላለች፤ በብዙ ካሴቶች ላይ ያችን ዝላይ ሰምቼ «ይኼ ጋሼ ነው» ለማለት ችያለሁ። ስሙ ግን በአንዱም ሽፋን ላይ የለም። የዘፋኙ ፎቶ አለ፤ የግጥም ደራሲው ስም አለ፤ የሙዚቃ ቤቱ ስልክ ቁጥር እንኳ አለ።

ብሉ መንደይን የሰማሁት በእርሱ ቤት ነው። 1988 ዓ.ም. ይመስለኛል፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ለንደን ያለ ጓደኛው የተቀዳ ካሴት ልኮለት፣ በላዩ ላይ በስክሪብቶ «ጥሩ ጥሩ» ብቻ ተጽፎበታል። የዘፈኖቹን ስም ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። የዚያን ዕለት ግን አጎቴ ያን ካሴት ከፍቶ፣ ኦርጋኑ ላይ ተጎንብሶ፣ ምቱን እየፈለገ «ስሚ፣ ስሚ እንጂ! ይኼ ሰው እንደኔ ብቻውን ነው» አለኝ። ተሳስቷል፤ አራት ነበሩ። የነገሩን ልብ ግን አግኝቶታል።

በእነዚያው ዓመታት በዋሽንግተን ከተማ ሌላ አበሻ ብቻውን ተቀምጦ እንዲሁ ሲያደርግ እንደነበረ አጎቴ አያውቅም ነበር። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሮቹንና ድራም ማሽኑን ይዞ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገባና ያለ ዘፋኝ፣ ያለ ግጥም አንድ ካሴት ቀዳ። የጥንት ዜማዎቻችንን በማሽን ምት ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያ ታክሲ ነዳ። ዓመታት አለፉ። አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ያን ካሴት አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም በስተርጅና በአውሮፓና በአሜሪካ መድረክ ወጣ። ኦርጋኑን የታክሲው ሻንጣ ውስጥ ይዞ እየዞረ፣ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ እንደነበረ ራሱ ተናግሯል። ሃያሲዎቻችን ያን ካሴት በወጣበት ጊዜ ቢሰሙት ምን ይሉ ነበር? «ግጥሙስ የት አለ?»

ይህ ንቀት የእኛ ብቻ እንዳልሆነ መናገር ፍትሕ ነው። እንዲያውም የፈረንጆቹ ይብሳል። በጁላይ 12 ቀን 1979 በቺካጎ ከተማ አንድ የሬዲዮ አቅራቢ ዲስኮን ለማጥፋት ዘመቻ ጠርቶ፣ ሸክላ ይዞ የመጣ ሰው በ98 ሳንቲም ብቻ ቤዝቦል እንዲገባ ተደረገ። በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል ሸክላዎቹ ተከምረው በፈንጂ ተበተኑ። ሕዝቡ ሜዳውን ወረረ፤ ሁለተኛው ጨዋታ ቀረ። በዚያ ምሽት በስታዲየሙ በአስተናጋጅነት ይሠራ የነበረው ቪንስ ሎረንስ፣ ከተከመሩት መካከል ዲስኮ ያልሆኑ፣ ዘፋኞቻቸው ጥቁር ከመሆናቸው በቀር ሌላ ጥፋት የሌለባቸው ሸክላዎች እንደነበሩ መስክሯል። ይህ ልጅ ዝም ብሎ አልቀረም። በዚያችው ቺካጎ በ1984 ከመጀመሪያዎቹ የሐውስ ሸክላዎች አንዱን ከሠሩት ሰዎች መካከል ሆነ። ሐውስ የተባለውም ዌርሐውስ ከሚባል የጭፈራ ቤት ስም ተወስዶ ነው፤ የተገፉት ጥቁሮችና ላቲኖች የሚሰበሰቡበት ቤት ነበር። የተቃጠለው ነገር አመዱ ማንችስተር ድረስ ነፍሶ ሐሲየንዳ ውስጥ ወደቀ።

የጊታር ሰዎችም ንቀታቸው ቀላል አልነበረም። ከዚያችው ማንችስተር የወጣው ዘ ስሚትስ የሚባል ባንድ በ1986 «ፓኒክ» በሚል ርእስ የሸክላ አጫዋቾችን የሚረግም ዘፈን አውጥቷል። ግጥሙ ጎበዝ ነው፤ ሃያሲያችን ቢሰሙት ይወዱት ነበር። እኔም ዜማውን እወደዋለሁ፤ ርግማኑ ግን አራት ዓመት እንኳ አልቆየም። በኖቬምበር 1989 ስቶን ሮዝስና ሐፒ መንደይስ የተባሉት የማንችስተር ባንዶች በአንድ ምሽት በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቀረቡ። ጊታር ይዘው የሚያስጨፍሩ ልጆች ነበሩ። «ፉልስ ጎልድ» ወደ አሥር ደቂቃ ይጠጋል፤ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ባነሣለት አይከፋኝም፤ ባሱ ግን እባብ ነው። ሐፒ መንደይስ ደግሞ ቤዝ የሚባል፣ ማራካስ ከማንቀጥቀጥ በቀር መሣሪያ የማይጫወት፣ ሥራው መጨፈር ብቻ የሆነ አባል ነበራቸው። እንግሊዞች ተገርመው ነበር። የሀገር ፍቅርን መድረክ ያየ አበሻ ምን ያስገርመዋል? ተወዛዋዥ የዘፈኑ አካል መሆኑን እኛ ከእነርሱ አስቀድመን እናውቃለን። ሂሳችን ብቻ ነው ያላወቀው።

«ሎውድድ»ን በተመለከተ ከሃያሲው ጋር በእውነት ብከራከር ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ደራሲው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ገሃድ ያወጣዋል። ፕራይማል ስክሪም የሚባል የስኮትላንድ ባንድ በ1989 አንድ ለስላሳ፣ ልብ የተሰበረበት ዘፈን ነበረው። አንድሩ ዌዘሮል የሚባል ሸክላ አጫዋች እንዲያድሰው ሰጡት። በመጀመሪያ ተጠንቅቆ፣ አክብሮ፣ ጥቂት ነካ አድርጎ መለሰላቸው። ጊታር ተጫዋቹ አልወደደውም፤ አፍርሰው አለው። አፈረሰው። በ1990 የወጣው ሰባት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ የዘፋኙ ድምፅ አለ ለማለት እንኳ ያስቸግራል፤ ግጥሙ ሙሉ በሙሉ ተወስዷል፤ የቀረው ባስ፣ ምት፣ ትራምፔቶች፣ የመዘምራን ጥላ ነው። ይሁንና ዋናውን ዘፈንና ይህን አቀራርቦ ለሰማ ሰው ሐዘኑ ያለው በፈረሰው ውስጥ ነው። ቤት ፈርሶ መሠረቱ ሲታይ እንደሚሰማው ዓይነት። ዌዘሮል በ2020 ሲሞት የእንግሊዝ ጋዜጦች እንደ ትልቅ ሙዚቀኛ አለቀሱለት። የእኛ አቀናባሪ ሲሞት ምን ይጻፋል? እርሱ የሠራላቸው ዘፋኞች ስም ዝርዝር ይጻፋል።

ቃል መደጋገም ድህነት ነው የሚሉም አሉ። ለእነዚህ ረጅም መልስ አያስፈልግም። በጥምቀት ዋዜማ ካህናቱ አንዲት ሐረግ ይዘው፣ ከበሮው ቀስ ብሎ ተነሥቶ እየፈጠነ፣ ጽናጽሉ እየተከተለ፣ ሕዝቡ በእልልታና በጭብጨባ ሲቀበል ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያ ሕዝብ ግዕዙን የሚተረጉም ስንት ነው? ሆኖም ሐረጊቱ በአሥረኛው ጊዜ እንደ መጀመሪያው አይደለችም፤ ቃሉ ሳይለወጥ ሰሚው ተለውጧል። ቤተ ክርስቲያንን ከጭፈራ ቤት ጋር አመሳሰለች እንዳትሉኝ። ጆሯችን መደጋገምን ከልጅነት ያውቀዋል ማለቴ ነው። የቡሄ ልጆችም ተቀባዮቹ ከአንዲት «ሆ» በቀር ምንም አይሉም፤ ደጃፉን የሚያናውጠው ግን የእነርሱ ዱላ ነው።

ግጥም እጠላለሁ አላልኩም፤ ይህን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። አራተኛ የጠራሁት «ኦል ማይ ፍሬንድስ» በ2007 ኤልሲዲ ሳውንድሲስተም በሚባል የኒው ዮርክ ባንድ ስም ወጣ። ግጥሙ እጅግ ጥሩ ነው። ጸሐፊው ጄምስ መርፊ ዘፈኑ ሲወጣ 37 ዓመቱ ነበር፤ የወጣትነት ጓደኞቹ የት እንደ ደረሱ የሚቆጥር ሰው ግጥም ነው። ከቃሉ አስቀድሞ ግን ፒያኖ አለ። አንዲት አጭር ምት ሰባት ደቂቃ ተኩል ያለ ዕረፍት ትመታለች፤ ስትሰሙት የመቺው ክንድ እየዛለ የሚሄድ ይመስላል፤ ትንሽ ይቀድማል፣ ትንሽ ይዘገያል። ግጥሙ ዕድሜ አለፈ ይላል፤ ዕድሜ ሲያልፍ የምንሰማው ግን በፒያኖው ነው። ፒያኖውን አውጥታችሁ ግጥሙን ብቻ ወረቀት ላይ ብታነቡት አንድ ያረጀ የጭፈራ ሰው እሮሮ ይሆናል። አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው በዚያ ዕድሜ ላይ ሆኜ ነውና አድልዎ ሊኖርብኝ ይችላል።

አምስተኛውን ዘፈን ያን ምሽት ስላቋረጡኝ አልጠራሁትም። የአጎቴ ነው። ርእስ የለውም። አንድ ሠርግ ላይ፣ 1990 ዓ.ም. አካባቢ፣ ዘፋኙ ጉሮሮው ተዘግቶ ከመድረክ ሲወርድ አጎቴ ብቻውን ቀርቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ያለ ዘፈን አስጨፈረ። ሙሽሮቹን የሚያጅበውን ዜማ ጀምሮ፣ ቃል የሚል ሰው ሲያጣ የዋልዟን ምት ያፈጥናት ጀመር። እስክስታው መጀመሪያ ወጣቶቹን፣ ቀጥሎ እናቶቹን ያዘ። በመጨረሻ የሙሽራው አያት፣ ከወንበራቸው ተነሥተው የማያውቁ ሰው፣ ምርኩዛቸውን ለልጅ ልጃቸው ሰጥተው ትከሻቸውን መቱ። አንድ ሰው ይህን በቴፕ ቀድቶታል። ካሴቱ እኔ ጋ አለ፤ ከድምፁ ይልቅ ጭብጨባው ይበዛበታል።

አጎቴ በ2009 ዓ.ም. አረፈ። በሠልስቱ ዕለት ድንኳን ውስጥ አንድ የሙዚቃ ሰው ነኝ ባይ፣ ቀልድ መስሎት፣ «እንግዲህ ከገዳዮቹ አንዱ ሄደ» አለ። ሰዉ ፈገግ አለ። ልጁ ሰምቶታል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ በማግሥቱ ኦርጋኑን በአንሶላ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለው፤ እስከ ዛሬ አላወረደውም። ሂስ ሰው ይጎዳል ያልኩት ይህን ነው። ያ ቀልድ ከሰማይ አልወረደም። በመጽሔትና በሬዲዮ ሲባል የኖረውን ነው የደገመው።

ስለዚህ ለሃያሲው የምመልሰው ይኸው ነው፦ ግጥሙ የተዘለለችው ኖታ ውስጥ አለ፤ የተሰበረው ቁልፍ ላይ አለ። እርስዎ ብዙ ዓመት ጆሮዎን ለዘፋኙ ሰጥተዋል፤ አንድ ምሽት ለባሱ ይስጡት። ካሴቱን ይዤ ልምጣ፤ ቡናው በእኔ ይሁን።

ከአንባቢያንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ከ1978 እስከ 1995 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በወሎና በአዲስ አበባ የተቀዱ ካሴቶች በየቤታችሁ መሳቢያ ይኖራሉ። የአጎቴ እጅ ያለባቸውን እስከ አሁን ሰባት ለይቻለሁ። የሌሎች ኦርጋን ተጫዋቾችን ስም የምታውቁ፣ «ይህን የተጫወተው እገሌ ነው» ለማለት የምትችሉ፣ በዚህ መጽሔት ዝግጅት ክፍል በኩል ጻፉልኝ። ሽፋኑ ቢጠፋም ግድ የለም። ሽፋኑ ላይ እንደማይገኙ አውቃለሁ።